«ገነቲ» የተባለ ሁሉ «ከዘር የመጣ» አይደለም

በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ሽኩና ቫቭ፣ ቤር ሼቫ

 

የማኅበሩ ልጆች «ከምትማሪው ነገር አንድ ንግግር አዘጋጂልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጀርባ ሕመም ነበር። የምማረው ፊዚዮቴራፒ ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ጀርባውን የማያመው ትልቅ ሰው ስለሌለ ሁሉም ይሰማኛል ብዬ ነው። በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ፤ የጀርባውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ዛሬ የማወራው መገጣጠሚያቸው ሳይዘረጋ፣ እጅና እግራቸው እንደታጠፈ ስለሚወለዱ ሕፃናት ነው። በተለይ ደግሞ ሐኪሞች እነዚህን ሕፃናት በየዓይነታቸው እንዴት እንደሚለዩ። ሲሰሙት የሐኪም ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ግን አንድ ሕፃን ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ለእናቲቱ፣ ለአባትየው፣ ገና ላላገቡት አክስቶቹ ሳይቀር ትልቅ ልዩነት አለው። እንዴት እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

በመሀል ዕብራይስጥ ጣል ባደርግ አትቀየሙኝ፤ እናንተም ቤታችሁ ውስጥ እንደዚሁ ነው የምታወሩት። ዓመቶቹንም የምጠራው እዚህ እንደምንቆጥረው ነው።

እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ ክርኑ አልታጠፍ፣ ወይም ጉልበቱ አልዘረጋ ይላል። የእጁ አንጓ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ጣቶቹ ይጨበጣሉ፤ እግሩ ቆልማማ ይሆናል። እግሩ ብቻ ቆልማማ ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በብዙ ሕፃናት ላይ ይታያል። በተለያየ የሰውነት ክፍል ሁለትና ከዚያ በላይ መገጣጠሚያዎች ሲያዙ ግን ሐኪሞቹ «አርትሮግሪፖሲስ» ይሉታል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «የታጠፈ መገጣጠሚያ» እንደማለት። ከሦስት ሺህ እስከ አምስት ሺህ ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይደርሳል ተብሎ ይገመታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አርትሮግሪፖሲስ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። እንደ «ትኩሳት» ያለ ነው። ልጄን ትኩሳት ያዘው ብትሉኝ ምን እንደያዘው ገና አላወቅሁም። ወባም ትኩሳት ነው፣ ጉንፋንም ትኩሳት ነው፣ ጥርስ ሲያበቅልም እናቶች ትኩሳት አለው ይላሉ። መድኃኒቱም፣ መጨረሻውም፣ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። አርትሮግሪፖሲስም እንደዚሁ ነው፤ እስካሁን የሚታወቁት ምክንያቶቹ ከ400 ይበልጣሉ።

ታዲያ አራት መቶ የተለያየ ምክንያት እንዴት አንድ ዓይነት መልክ ይሰጣል? መልሱን እናቶች ያውቁታል። አንዲት ነፍሰ ጡር አምስተኛ ወሯ ሲገባ የሚጠይቋት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ተንቀሳቀሰ ወይ?» ፅንስ እዚያ ውስጥ የሚራገጠውና የሚገላበጠው በከንቱ አይደለም። መገጣጠሚያ የሚሠራው በመንቀሳቀስ ነው። ጎንደር ያደጋችሁ ቆዳ ሲወጠር አይታችኋል፤ እርጥብ ቆዳ በችካል ተወጥሮ ካልደረቀ ተጨማዶ ይቀራል፣ በኋላ ልዘርጋህ ቢሉት እሺ አይልም። የፅንስ መገጣጠሚያም ሳይንቀሳቀስ ከቆየ በዙሪያው ያለው ጅማትና ሽፋን እያጠረና እየጠነከረ ይሄዳል። ድራክማንና ኩሎምበር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በ1962 በዶሮ አሳይተውታል። ዕንቁላል ውስጥ ላለ ጫጩት ጡንቻ የሚያሽመደምድ መድኃኒት ሰጡት። ዘሩ ምንም ያልጎደለው ጤነኛ ጫጩት ነበር፤ ሲታይ ግን መገጣጠሚያዎቹ ደርቀው እግሩ ቆልሟል።

ስለዚህ ሐኪሙ የሚጠይቀው «ለምን ታጠፈ?» ሳይሆን «ለምን አልተንቀሳቀሰም?» ብሎ ነው። ትእዛዙ ከአእምሮ ይወጣል፣ በኅብለ ሰረሰር ይወርዳል፣ በነርቭ ይሄዳል፣ ጡንቻ ላይ ይደርሳል፣ ጡንቻው መገጣጠሚያውን ይስባል። ከነዚህ በአንዱ ላይ ችግር ካለ ፅንሱ ይቆማል። ሁሉም ደህና ሆኖ ቦታ ሊጠበውም ይችላል፤ የሽርት ውሃው አንሶ፣ ወይም የማኅፀኑ ቅርጽ ለሁለት የተከፈለ ሆኖ፣ ወይም መንታ ሆነው ተጣብበው። አንዳንዴ ደግሞ ምክንያቱ እናት ላይ ነው። ሚያስቴኒያ የሚባል ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ያለባት እናት፣ ሰውነቷ የራሷን ጡንቻ የሚዋጋበት ነገር በእትብቱ በኩል አልፎ የፅንሱን ጡንቻ ሊያደክም ይችላል። ይህቺኛዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወደ መለየቱ እንግባ። በዚህ ጉዳይ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ጁዲት ሆል የሚባሉ፣ በካናዳ ለብዙ ዓመታት የሠሩ የሕፃናት ሐኪም አሉ። የእሳቸው አከፋፈል ለመያዝ ቀላል ስለሆነ ተማሪ ሁሉ ከሱ ነው የሚጀምረው። ሕፃኑን ስታይ፣ ችግሩ እጅና እግር ላይ ብቻ ነው ወይ? ይህ አንደኛው ክፍል ነው። ከእጅና እግር ሌላ ፊት፣ ዓይን፣ ሳንባ ወይም ሌላ የሰውነት ክፍልስ ተነክቷል ወይ? ይህ ሁለተኛው ነው። አእምሮና ኅብለ ሰረሰር ተነክቶ፣ ወይም ሕፃኑ ለሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው። ይህንን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ዓይንና እጅ ይበቃል። የደም ምርመራው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከአንደኛው ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው አሚዮፕላዚያ የሚባለው ነው። አርትሮግሪፖሲስ ካለባቸው ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይህ ነው ያለባቸው። መልኩ የታወቀ ነው፦ በግራም በቀኝም እኩል ነው፤ ትከሻው ወደ ውስጥ ዞሯል፣ ክርኑ ተገትሯል፣ አንጓው ታጥፏል፣ እግሩ ቆልማማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግንባሩ ላይ ቀይ ምልክት ይኖራል። ጡንቻ መሆን በነበረበት ቦታ ስብና ጅማት ተተክቷል። የእነዚህ ልጆች አእምሮ ደህና ነው፤ ከክፍል ጓደኞቻቸው እኩል ይማራሉ፣ አብዛኞቹም በሕክምና ታግዘው ይራመዳሉ። አሁን ደግሞ ዋናው ነገር፦ አሚዮፕላዚያ አይወረስም። ከአባትም ከእናትም አልመጣም፣ ወደ ልጁ ልጆችም አይሄድም። መልካቸው አንድ የሆኑ መንትዮች ሲወለዱ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚያዘው አንዱ ብቻ ነው። የመንትዮቹ ጂን ደግሞ አንድ ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን አለ?

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፣ ከተማውንም አልጠራም። አንዲት ዘመዳችን እንዲህ ያለ ልጅ ወለደች። ሐኪሙ በዕብራይስጥ «ገነቲ መሆን አለመሆኑን ማጣራት አለብን» አላት። አስተርጓሚው በስልክ ነበር። አስተርጓሚው ደግሞ «ከዘራችሁ የመጣ ነው ይላል» ብሎ ተረጎመው። አያችሁ፣ «ማጣራት አለብን» የሚለው መንገድ ላይ ጠፋ፤ «ገነቲ» የሚለው «ዘር» ሆነ። ከዚያ ምን እንደተከተለ የኛን ቤት የሚያውቅ ሰው ይገምታል። በማን ወገን ነው? በእናት ወይስ በአባት? የእሷ አያት ወንድም ያነክስ ነበር አሉ። የእሱ አክስት ጣቷ ቆልማማ ነበር አሉ። ለታናሽ እህቷ ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ «እስኪ ትንሽ ይቆይ» ተባለ። ወራት ቆይቶ ልጁ በደንብ ሲታይ አሚዮፕላዚያ ነው ተባለ። ምንም ዘር የለበትም። የእህቷ ነገር ግን ያን ጊዜ ተበላሽቶ ነበር።

ይህንን የምነግራችሁ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ነገሩ ቃላችን ላይ ነው። ዕብራይስጥ ሁለት ቃል አለው፦ «ገነቲ» ማለት ጂንን የሚመለከት ማለት ነው፤ «ቶራሽቲ» ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ማለት ነው። እኛ ለሁለቱም «ዘር» እንላለን። «ዘር» ደግሞ በኛ አማርኛ ትልቅ ቃል ነው፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ አጥንት፣ ጋብቻ፣ ክብር ሁሉ ውስጡ አለ። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሐኪም ክፍል ውስጥ ሲገባ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ለወላጆቻችሁ የምታስተረጉሙ ወጣቶች፣ እለምናችኋለሁ፤ «ገነቲ» ሲባል «የጂን ነገር ነው» በሉ፣ «ቶራሽቲ» ሲባል «ከወላጅ የሚወረስ ነው» በሉ። «ዘር» የሚለውን ለሠርግ እናስቀምጠው።

ወደ ዓይነቶቹ ልመለስ፤ ምክንያቱም በእውነት የሚወረሱ አሉ። እነሱም ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ሁለቱም አይመሳሰሉም።

የመጀመሪያው በተለይ መዳፍንና እግርን የሚይዘው ነው። ሆልና ባልደረቦቻቸው በ1982 ለብቻው ለይተው ገለጹት፤ በ1996 ደግሞ ሚካኤል ባምሻድና ጓደኞቹ አስፋፍተው ቁጥር ሰጡት፣ አንድ፣ ሁለት ሀ፣ ሁለት ለ እያሉ። ቁጥር አንዱ ጣቶቹ ተጨብጠው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ፣ አውራ ጣቱ መዳፍ ውስጥ ገብቶ ነው የሚወለደው። ሁለት ሀ የሚባለው ፍሪማንና ሸልደን የተባሉ ሐኪሞች በ1938 የጻፉት ነው፤ ሕፃኑ አፉ ጠባብ ሆኖ የሚያፏጭ ይመስላል። ለዚህኛው ምክንያት የሆነው ጂን በ2006 ታወቀ፤ «ኤምዋይኤች3» ይባላል። ይህ ጂን የሚሠራው በተለይ ፅንሱ ማኅፀን ውስጥ ሳለ ለጡንቻው በሚያገለግል ፕሮቲን ላይ ነው። ከተወለደ በኋላ ሰውነቱ ያንን ትቶ ሌላ ይጠቀማል። እኔ ይህን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ፤ ችግሩ የተፈጠረው ሥራውን ጨርሶ በሄደ ጂን ነው።

በዚህ ዓይነት አንድ የተበላሸ ጂን ብቻ ይበቃል። ከእናት ወይም ከአባት ከአንዱ ከተወረሰ፣ እያንዳንዱ ልጅ የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እና እዚህ ላይ ነው ሐኪሙ አንድ ቀላል ነገር የሚያደርገው፤ የወላጆቹን እጅ ያያል። «እጅህን አሳየኝ» ይላል ለአባትየው። አባትየው ሃምሳ ዓመት የኖረባት ትንሽ የታጠፈች ጣት ትኖራለች፣ ማንም ልብ ብሎት የማያውቅ። ያቺ ጣት መልሱ ልትሆን ትችላለች። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ በጣም ይያዛል፣ አንዱ በጣቱ ብቻ ያልፋል። ግን ደግሞ ወላጆቹ ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ለውጡ በዚያ ልጅ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ያኔ ነገሩ «ገነቲ» ነው፣ «ቶራሽቲ» ግን አይደለም፤ ከማንም አያት አልመጣም። ልጁ አድጎ ሲወልድ ግን ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ይችላል። አያችሁ አንዱ ቃል ሌላውን እንደማይተካ?

ሁለተኛው የሚወረሰው ዓይነት ድብቅ ነው። እናትም አባትም ጤነኞች ናቸው፤ ሁለቱም ግን አንድ አንድ የተበላሸ ጂን ይዘዋል። ከሁለቱም የተበላሸውን የወሰደ ልጅ ብቻ ይታመማል፤ ይህ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ነው። ከመገጣጠሚያ በሽታዎች ውስጥ በጣም ከባዶቹ እዚህ ናቸው። ታሪኩ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም፤ ግማሹ እዚሁ ከኛ ሰፈር ብዙም በማይርቀው በሶሮካ ነው።

መጀመሪያ በፊንላንድ ነበር። በ1985 ሪታ ሄርቫ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሳይወለዱ ስለሚሞቱ፣ መገጣጠሚያቸው ሁሉ ስለደረቀ ፅንሶች ጻፉ። ሕፃናቱ ከ32ኛው ሳምንት አያልፉም። ኅብለ ሰረሰራቸው ውስጥ ጡንቻን የሚያዝዙት ሴሎች ጠፍተዋል። ከዚያ በ2003 የሶሮካ ሐኪሞች በነገቭ በአንድ የቤዱዊን ቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አዩ። ግን አንድ አይደለም። ሕፃናቱ ይወለዳሉ፣ ከዚያ ነው የሚሞቱት፤ የሽንት ፊኛቸው ደግሞ በጣም የተነፋ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ዓይነት ተባለ። በ2007 በፕሮፌሰር ኦሃድ ቢርክ የሚመራው የቤን ጉሪዮንና የሶሮካ ቡድን ጂኑን አገኘው፤ «ኢአርቢቢ3» ይባላል። በዚያው ዓመት ቡድኑ ሦስተኛ ዓይነት ለየ። ሕፃናቱ ቁርጥ ሁለተኛውን ይመስላሉ፣ ፊኛቸው ግን ደህና ነው። አንድ ምልክት ብቻ ነው ልዩነቱ! ጂኑ ሲፈለግ ደግሞ ሌላ ክሮሞዞም ላይ ሌላ ጂን ሆኖ ተገኘ፤ «ፒአይፒ5ኬ1ሲ»። የሚገርመው፣ ሁለቱ ጂኖች በሴሉ ውስጥ በአንድ መንገድ ላይ የሚሠሩ ናቸው። የፊንላንዱ ጂን የተገኘው ከነዚህ ቀጥሎ በ2008 ነው፤ እነሱ ቀድመው ጀምረው የኛ ሰፈር ቀደማቸው ማለት ነው።

በ2012 ያው የቤር ሼቫ ቡድን አራተኛ ዓይነት አገኘ። የዚህኛው ጂን ቀደም ብሎ በሌላ ቦታ የታወቀ ነበር፤ አንድ የተበላሸ ቅጂ ያላቸው ሰዎች ላይ ቅድም ያልኳችሁን ቀላሉን፣ የመዳፍና የእግሩን ዓይነት ያመጣል። ሁለት የተበላሸ ቅጂ ያገኙት የነገቭ ሕፃናት ግን አልተረፉም። ለውጡ እዚያና እዚህ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ጂኑ ግን አንድ ነው። ስለዚህ የጂኑን ስም ብቻ መስማትም አይበቃም፤ አንድ ቅጂ ነው ሁለት? ምን ዓይነት ለውጥ ነው? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ቁጥርና ስም ምን ይጠቅማል ለምትሉ፦ ጂኑ ከታወቀ በኋላ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ሊጋቡ የተሳሰቡ ወጣቶች በደም ምርመራ ተሸካሚ መሆን አለመሆናቸውን ማወቅ ይችላሉ። ነፍሰ ጡሯም ስድስትና ሰባት ወር በፍርሃት ከመጠበቅ በጊዜ መመርመር ትችላለች። ስሙ እስካልተለየ ድረስ ይህ ሁሉ አይቻልም ነበር።

ስለ ቤዱዊን ጎረቤቶቻችን ስናወራ አንገታችንን ቀና አድርገን «እነሱ የአጎት ልጅ ስለሚያገቡ ነው» የምንል አለን። እውነት ነው፣ የአጎት ልጆች ሲጋቡ ድብቁ ጂን የመገናኘት ዕድል ይጨምራል። የእኛ አባቶች ደግሞ እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥረው ነው ያጋቡን። ይህንን በቁጥር ሠርቼው ነበር፤ ወጣቶች ስለማትሰለቹ ልናገረው። የአጎት ልጆች ከጂናቸው አንድ ስምንተኛውን ይጋራሉ። አንድ ትውልድ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ድርሻው በአራት ይከፈላል፤ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ፣ አንድ መቶ ሃያ ስምንተኛ እያለ ይሄዳል። ወላጅን አንድ ብለን ቆጥረን፣ የጋራው አያት ሰባተኛው ላይ ሲሆን 1 ከ8,192 ይደርሳል። ያ ማለት ምንም እንደማለት ነው። ማይክሮስኮፕ ሳይኖር፣ ጂን የሚባል ቃል ሳይኖር፣ አንድ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጦ በቃሉ ነው ይህን የሚያሰላው። እኔ በዚህ እኮራለሁ፤ ወጣቶችም ለሠርግ ብቻ ሳይሆን ለማወቅም ያህል ሰባት ቤታችሁን ጻፉ።

ግን ቆጠራው የሚከላከለው ምኑን ነው? ድብቁን ዓይነት ብቻ ነው፣ እሱንም ሙሉ በሙሉ አይደለም። ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ተሸካሚዎች ሊገናኙ ይችላሉ። ኤስኤምኤ የሚባለው የነርቭና የጡንቻ በሽታ ለምሳሌ በዓለም ሁሉ ብዙ ተሸካሚ አለው፤ በጣም የከፋው መልኩም ሕፃኑን ከነደረቀ መገጣጠሚያው ያስወልዳል። ለዚህ ነው የጤና ሚኒስቴር የኤስኤምኤን የተሸካሚነት ምርመራ በመንግሥት ወጪ ለሁሉም ጥንዶች የሚሰጠው። ኩፓት ሆሊም ሄዳችሁ «ስቀር ገነቲ» በሉ፤ ከማርገዝ በፊት ቢሆን ይመረጣል። አንዱ የሚበቃውን ዓይነት፣ አዲስ የተፈጠረውን ለውጥና አሚዮፕላዚያን ግን ሰባት ቤት ቀርቶ ሰባ ቤት ብትቆጥሩ አታስቀሩትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ «ዘር ሳይቆጠር ቀርቶ ነው» ማለት በብዙው ውሸት ነው፣ በዚያ ላይ ሰው ያቆስላል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ልመለስበት፣ የእናቲቱን ሚያስቴኒያ። ይህ ከጂን አይደለም፤ ሆኖም እናቲቱ ካልታከመች በሚቀጥለው እርግዝናም ሊደገም ይችላል። አንዳንዷ እናት እንዳለባት እንኳ አታውቅም፤ ሲመሽ የዓይን ሽፋኗ ይወርዳል፣ ስታኝክ ይደክማታል፣ ድካም ነው ብላ ታልፈዋለች። እና «ዘር አይደለም» ማለት «አይደገምም» ማለት አይደለም፤ «ጂን ነው» ማለትም «ይደገማል» ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ዓይነቱ ሳይለይ ቤተሰብ ውስጥ ምንም መወሰን የማይገባው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ሙያ፣ አጠር አድርጌ። ዓይነቱ እስኪለይ ድረስ ሕክምናው አይጠብቅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለስላሳ መወጠር ይጀመራል፣ ማታ ማታ ድጋፍ ይታሰራል። ለቆልማማ እግር ደግሞ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባሉ ሐኪም ያወጡት ዘዴ አለ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያቃኑ ጀሶ ማድረግ፣ ከዚያ የተረከዙን ጅማት በትንሹ መቁረጥ፣ በኋላ ለዓመታት ሲተኛ የሚያደርገው ጫማ። አርትሮግሪፖሲስ ያለበት እግር ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ጀሶ ይፈልጋል፣ መመለስም ይወዳል፤ ሆኖም ይሠራል። ዘመድ አገር ቤት ያላችሁ፣ አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ከ2008 ጀምሮ የሕፃናትን አጥንትና እግር ያክማል። እዚህ አገር ኢየሩሳሌም ያለው አሊን ሕፃናትን መልሶ በማቋቋም የታወቀ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር፤ ሕፃኑን ወጌሻ ጋ አትውሰዱት። ለወጌሻ ክብር አለኝ፣ ለወለምታ ጥሩ ነው። ይህ ግን ወለምታ አይደለም። ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሕፃን አጥንቱ ስስ ነው፤ ልዘርጋው ብሎ በኃይል የጎተተው ሰው ይሰብረዋል። አያቶች ቅቤ ቀብታችሁ በቀስታ ብታሹት ማንም አይቃወማችሁም፤ እንደውም የሐኪሟን እንቅስቃሴ ተምራችሁ ብትደግሙለት ከኛ የበለጠ ታደርጋላችሁ፣ እጃችሁ ስለለመደ።

ወደ ጄኔቲክስ ሐኪም ስትሄዱ የምትይዙት ነገር አለ። ከቤተሰብ ሐኪም «ሀፍናያ» ትቀበላላችሁ። የእርግዝናውን ወረቀት ሁሉ ያዙ፣ በተለይ «ስኪራት ማዓራኾት» የተባለውን። ልጁ ሲወለድ የተነሣውን ፎቶ ያዙ፤ የግንባሩ ምልክት በኋላ ሊጠፋ ይችላል፣ ፎቶ ላይ ግን ይቀራል። በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ቤተሰብ ውስጥ ካለ ንገሩ፤ አውቃለሁ፣ እኛ ስለሞተ ሕፃን ማውራት አንወድም፣ ሆኖም እዚያ ክፍል ውስጥ መነገር አለበት። እና ሐኪሙን በራሳችሁ አፍ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ገነቲ ነው ወይ? ቶራሽቲስ ነው ወይ? ለሚቀጥለው ልጅ ዕድሉ ከስንት አንድ ነው? መልሱን በወረቀት ይጻፍላችሁ፤ ሐኪሙ «ገና አላወቅንም» ካለም «ገና አላወቅንም» ብሎ ይጻፈው። ያንን ወረቀት ለአማትም ለሽማግሌም ማሳየት ይቻላል።

ለማስተርጎም ሰው የሚያስፈልገው ቤተሰብ ካለ እኔም፣ ከማኅበሩ ሁለት ሦስት ልጆችም ለመሄድ ፈቃደኞች ነን። ስማችን በር ላይ ባለው ወረቀት ተጽፏል። የምንሰማውን ከዚያ ክፍል አናወጣም።

ጨርሻለሁ። ቡናው ሁለተኛው እስኪቀዳ ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ፤ የጀርባውንም ቢሆን እሺ።